ከሱማትራው ግዙፍ አበባ እስከ ደጋችን አሞጭ



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ስለ አንድ የእጽዋት ቤተሰብ እንማማራለን፤ ስለ ጎደሬ ቤተሰብ። ከደቡብና ከምዕራብ የመጣችሁ ጎደሬን በማዕድ ታውቁታላችሁ። ከሰቆጣ፣ ከድሃናና ከጋዝጊብላ የመጣነው ግን የምናውቀው ዘመዱን አሞጭን ነው፤ እሱንም ቢሆን «እንዳትነኩት፣ አፍ ያቃጥላል» ከሚለው የእናቶች ማስጠንቀቂያ ጋር። ይኸው ቤተሰብ በሌላ ጫፉ ከሰው ቁመት በላይ የሚያብብ ተክል አለው። ትምህርታችንን ከግዙፉ እንጀምራለን። ግዙፉን ተንከባክቦ ለአበባ ለማብቃት አትክልተኞች ከመቶ ዓመት በላይ የለፉበት ዕውቀት፣ ደጋችን ላይ ያለውን ትንሹን ለመረዳት በቀጥታ ይጠቅመናልና።

መጀመሪያ ስለ ቤተሰቡ መልክ። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ «አበባ» የምንለው ነገር በእርግጥ አንድ አበባ አይደለም። መሐል ላይ ቀጥ ያለ ዘንግ ይቆማል፤ ዘንጉን አንድ ሰፊ ቅጠል መሰል መጠቅለያ ይከበዋል። እውነተኞቹ አበቦች ጥቃቅን ሆነው በዘንጉ ግርጌ ተሰካክተዋል፤ ብዙውን ጊዜ ሴቴዎቹ ከታች፣ ወንዴዎቹ ከላይ። በሠርግና በቢሮ የምናየው ነጩ የጡሩንባ አበባ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሳይንስ ስሙ «ኤቲዮፒካ» የሚል ቅጽል አለው፤ አገሩ ግን ደቡባዊው አፍሪካ እንጂ የእኛ አገር አይደለም። የጥንት ሊቃውንት ከግብጽ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ስለነበር ስሙ ብቻ ደረሰን። የራሳችን የሆኑት የቤተሰቡ አባላት ደግሞ በሠርግ አዳራሽ አይታዩም።

የግዙፉ ተክል የሳይንስ ስም አሞርፎፋለስ ቲታነም ነው። የስሙ የመጀመሪያ ክፍል በግሪክኛ ለመድረክ የማይመች ትርጉም ስላለው እንግሊዛዊው የተፈጥሮ ፊልም አዘጋጅ ዴቪድ አተንቦሮ በ1995 እ.ኤ.አ. በቀረበው የእጽዋት ፊልሙ «ታይታን አረም» ብሎ ጠራው፤ እኛም ያንኑ እንከተላለን። አገሩ ምዕራባዊ ሱማትራ ነው። የሙስሊሞቹ የሚናንግካባው ሕዝብ አገር ማለት ነው። ኢንዶኔዥያውያን «ቡንጋ ባንካይ» ይሉታል፤ የሬሳ አበባ ማለታቸው ነው። ለምን እንዲህ እንዳሉት ወደታች እንደርስበታለን።

ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጣሊያናዊው ኦዶአርዶ ቤካሪ ነው፤ ዓመቱ 1878 እ.ኤ.አ.። ይህ ሰው ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1870፣ ከአንቲኖሪና ከኢሰል ጋር በቀይ ባሕር በኩል መጥቶ አሰብንና የቦጎስን ምድር፣ ማለትም የከረንን አካባቢ፣ አይቶ ነበር። ቤካሪ ሱማትራ ላይ ግዙፉን ባገኘበት በዚያው ዓመት አድዋ ውስጥ ሌላ የእጽዋት ሰው አረፈ። እሱም ከ1837 ጀምሮ በአገራችን የኖረው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር ከትግራይና ከሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው ደረቅ ናሙናዎች በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ተበትነዋል። ከአሞጮቻችን አንዱ ዛሬም አሪሴማ ሺምፐሪያነም ተብሎ በስሙ ይጠራል። ስሙን የሰጠው የቪየናው ሾት የጎደሬን ቤተሰብ በማጥናት ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር።

ቤካሪ የላከው ዘር ፍሎረንስ ውስጥ በቀለ፤ ከችግኞቹ አንዱ ለንደን ወደሚገኘው የኪው የእጽዋት ማዕከል ተላከ። እዚያ ሙቀቱ በእሳት እየተጠበቀ በግሪንሃውስ አድጎ በሰኔ 1889 እ.ኤ.አ. አበበ። ታይታን አረም ከአገሩ ውጭ በሰው እጅ ሲያብብ ያ የመጀመሪያው ነው።

እዚህ ላይ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር እንመልሰው፤ ሰኔ 1881 ዓ.ም. ይሆናል። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሦስት ወር አልፎታል። ክፉ ቀን ገብቷል፤ በደስታ በሽታ በሬው አልቋል፣ ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተከታትለዋል። ለንደኖች የአንዱን ሥር አበባ ለማየት ሲጋፉ፣ በእኛ ሰሜን ሰው ሥር እየቆፈረ ይበላ ነበር። ሁለቱ ክስተቶች አንዱ የሌላው ምክንያት አይደለም። ግን ሁለቱም ስለ አንድ ነገር ናቸው፤ ይህ ቤተሰብ ከመሬት በታች ስለሚያስቀምጠው ስንቅ።

ስንቁን እንየው። ታይታን አረም ከመሬት በታች እንደ ድንች የደነደነ አካል አለው፤ በዚህ ጽሑፍ ኮረት እንለዋለን። ከኮረቱ በአንድ ጊዜ አንድ ቅጠል ብቻ ይወጣል። ቅጠሉ ግን ቅጠል አይመስልም፤ ግንዱ የዛፍ ግንድ፣ አናቱ የዛፍ ጥላ ይመስላል፤ ቁመቱ ከአምስት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ያ ቅጠል አንድ ዓመት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ፀሐይ ሲሰበስብ ይቆይና ይደርቃል። ኮረቱ ለጥቂት ወራት ይተኛል። ከዚያ አዲስ ቅጠል ይወጣል፤ እንደገና ይደርቃል። ይህ እየተደጋገመ በየዙሩ ኮረቱ ይከብዳል። ከዘር የተነሳ ተክል ለመጀመሪያው አበባ ብዙውን ጊዜ ከሰባት እስከ አሥር ዓመት ይፈጃል፤ ኮረቱም አሥራ አምስት ሃያ ኪሎ መድረስ አለበት። የስኮትላንዱ የኤደንብራ የእጽዋት ማዕከል በ2003 ከሌይደን የተቀበለው ኮረት ብርቱካን ያህል ነበር። በ2010 ሲመዘን 153.9 ኪሎ ሆኖ ተገኘ። ከመካከለኛ ኩንታል ተኩል በላይ ማለት ነው! ያም ሆኖ ያበበው በ2015 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ውሃ ያጠጣ አትክልተኛ አበባውን ያየው ለሁለት ሌሊት ብቻ ነው።

አትክልተኞቹ በዚህ ሁሉ ዓመት የሚፈሩት ጠላት ድርቀት ሳይሆን መበስበስ ነው። ቅጠል የሌለው ኮረት ውሃ አይጠጣም፤ ውሃ ከሰጡት ይበሰብሳል። ስለዚህ አፈሩ ውሃ የማይቋጥር፣ ጠጠርና ብስባሽ የበዛበት መሆን አለበት። ቅጠሉ ሲደርቅ ኮረቱን አውጥተው ቁስል እንዳለው ይፈትሹታል፤ የበሰበሰውን ክፍል በንጹሕ ቢላ ቆርጠው ያደርቁታል፤ አዲስ ቡቃያ እስኪያሳይ ሳይቸኩሉ ይጠብቁታል። ቡቃያው ሲወጣ ደግሞ ቅጠል ይሁን አበባ ለጥቂት ሳምንታት አይለይም። አበባ ከሆነ በቀን አሥር ሳንቲሜትር ያህል እያደገ ከሁለት ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቦን ላይ በ2003 የተለካው 2.74 ሜትር ነበር፤ በ2010 አሜሪካ ውስጥ የተለካው 3.10 ሜትር ደረሰ።

አበባው ማምሻውን ይከፈታል። ዘንጉ ሙቀት ያመነጫል፤ የጤነኛ ሰው ሰውነት ያህል፣ 36 ዲግሪ ገደማ። ሙቀቱ ሽታውን ወደ ላይ ያነሳዋል። ሽታው ከበሰበሰ ሥጋ በሚወጡት የድኝ ውሕዶች የተሠራ በመሆኑ ጥንብ የሚፈልጉ ጥንዚዛዎችና ዝንቦች ተታልለው ይመጣሉ። ሱብሓነላህ፣ ማር ሳይኖረው እንግዳ የሚጠራ አበባ! በመጀመሪያው ሌሊት ሴቴዎቹ ብቻ ብናኝ ለመቀበል ዝግጁ ናቸው። ወንዴዎቹ ብናኛቸውን የሚለቁት በማግስቱ ሴቴዎቹ ካለፉ በኋላ ነው። እንዲህ በመሆኑ ተክሉ ከራሱ ጋር ለመዳቀል ይቸገራል፤ በተመሳሳይ ሌሊት ሌላ ያበበ ያስፈልገዋል። በግሪንሃውስ ውስጥ ይህ እምብዛም ስለማይገጥም አትክልተኞቹ መጠቅለያውን በግርጌው በመስኮት መልክ ቀድደው ብናኙን በብሩሽ ይሰበስባሉ፣ በማቀዝቀዣ ያቆያሉ፣ ሌላ ከተማ ላለ ማዕከል ይልካሉ። የትኛው ከየትኛው እናት እንደመጣ መዝገብ ካልተያዘ ግን ወንድምና እህት እየተዳቀሉ ዘሩ ይደክማል። ተክሉ በተፈጥሮ ደኑ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ስለተመዘገበ መዝገቡ እንደ አበባው ሁሉ ዋጋ አለው።

እንግዲህ ወደ አገራችን። ታይታን አረምን ሰቆጣ ላይ ማሳደግ ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ያለ ግሪንሃውስ አይቻልም። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ታይታን አረም ደግሞ ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች መውረድን አይወድም፣ አየሩም ዓመቱን ሙሉ እርጥብ እንዲሆን ይፈልጋል። የዋግ ዝናብ ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጳጉሜ ባለው ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። በዚያ ወጪ ስንት ጉድጓድ ውሃ እንደሚቆፈር ማሰብ ነው።

ነገር ግን የመተኛትና የመንቃት ሥርዓቱ ለዋግ የተሠራ ይመስላል። ሁለት ሦስት ወር ዝናብ፣ ከዚያ ረጅም በጋ፤ ቅጠል አውጥቶ ስንቅ ሰብስቦ መሬት ውስጥ መደበቅ። የአገራችን የቤተሰቡ አባላትም የሚኖሩት እንዲሁ ነው። የታይታን አረም ሥጋ ዘመድ የሆነው አሞርፎፋለስ አቢሲኒከስ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡባዊው አፍሪካ ይገኛል፤ ስሙ እንደሚያሳየው ግን መጀመሪያ የተገለጸው ከእኛው አገር በተወሰደ ናሙና ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች «ባጋና» እየተባለ ተፈላጊ ምግብ ሆኗል። በደጋው ደግሞ አሪሴማና ሳውሮማተም የሚባሉት ወገኖች አሉ። ሕዝባችን አሞጭ ሲል አንዳንዴ አንዱን፣ አንዳንዴ ሌላውን ይላል።

ሳውሮማተም ቬኖሰም ለላቦራቶሪ ተማሪዎች ይስማማል። ኮረቱ ቡጢ ያህል ከሆነ ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ፣ መስኮት ላይ ተቀምጦ ያብባል፤ ስንቁ በውስጡ ነውና። ዘንጉ ይሞቃል፤ በቴርሞሜትር መለካት ትችላላችሁ። ይህን ሙቀት የሚያስነሳው ምልክት ምን እንደሆነ ለብዙ ዓመታት ሲፈለግ ቆይቶ በ1987 እነ ኢልያ ራስኪን ሳሊሲሊክ አሲድ መሆኑን በዚሁ ተክል ላይ አሳዩ። የአስፒሪን መነሻ የሆነው ውሕድ ማለት ነው። ለፋርማሲ ተማሪዎቻችን ይህች ለብቻዋ ትበቃለች። (ዶርም ውስጥ ለምታስቀምጡት አንድ ምክር አለን፤ ሊከፈት ሲል ከመስገጃው ራቅ አድርጉት። ሽታው ወንድሞችን ከሶፍ ያስወጣል።)

አሪሴማ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በዚህ ወገን ብዙ ዝርያዎች ላይ ኮረቱ ትንሽ ሲሆን ተክሉ ወንዴ አበባ ብቻ ያወጣል፤ ስንቁ ሲበዛ ሴቴ ይሆናል። ፍሬ መሸከም ብዙ ስለሚያስወጣ ሳይበቃ አይጀምረውም። በክፉ ዓመት ኮረቱ ከከሳ ወደ ወንዴነት ይመለሳል። እንደ በቆሎ ራስ የተደረደረ ቀይ ፍሬ ያለው አሞጭ ካያችሁ፣ ብዙውን ጊዜ በቂ ስንቅ የሰበሰበ ተክል አግኝታችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን ደረስን። አሞጭ የክፉ ቀን ምግብ ነው፤ መርዝም ነው። በመላ አካሉ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል ጨው እንደ ጥቃቅን መርፌ ተሰድሮ ይገኛል። ጥሬውን የነከሰ ሰው መርፌዎቹ ምላሱንና ጉሮሮውን ይወጉታል፤ አብረዋቸው ያሉ ፕሮቲኖች ቁስሉን ያቃጥሉታል፤ እብጠቱ ጉሮሮ ድረስ ከሄደ መተንፈስ ያስቸግራል። መርፌዎቹ በውሃ አይሟሙም፤ አጭር ጊዜ መቀቀልም አያጠፋቸውም። ረጅም ጊዜ መቀቀል ፕሮቲኖቹን ያበላሻል፣ የሚሟሟውን የኦክሳሌት ክፍል ወደ ውሃው ያወጣል፤ ስለዚህ ውሃው ይደፋል። ማድረቅ፣ መከካት፣ ማብላላትና እንደገና መቀቀል በተለያየ አገር የተለመዱ ናቸው። ጎደሬም ቢሆን በደንብ ካልበሰለ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ልዩነቱ የጎደሬን አበሳሰል ሁሉም ማወቁ ነው።

የአሞጭን ግን ማን ያውቃል? ምን ያህል ሰዓት? ስንት ውሃ ተደፍቶ? የትኛው ዓይነት፣ በየትኛው ወር የተቆፈረ? ይህን የሚያውቁት በ1977ቱ ድርቅ ልጅ ያሳደጉ እናቶች ናቸው። ያ ድርቅ ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ባለችው በኮረም ዓለም ያየው ነው፤ ካሜራው የእርዳታ ሰልፉን እንጂ ወደዚያ ከመምጣታቸው በፊት ሰዎቹ በየቀያቸው ምን ቀቅለው እንደበሉ አላሳየም። ያ ዕውቀት በአማርኛም በኽምጣኛም በእናቶች አእምሮ ነው ያለው። እነሱ ደግሞ ዛሬ አያቶቻችን ናቸው። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሕጻናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ያወጀው ዕቅድ «የሰቆጣ ቃልኪዳን» ተብሏል። የከተማችን ስም ከረሃብ ጋር ተያይዞ ከታወቀ፣ ከረሃብ ስለማምለጥ የምታውቀውም አብሮ መመዝገብ አለበት ብለን እናምናለን። ይህ ዕውቀት አማና ነው። አሞጭ ጤፍን ወይም ማሽላን ይተካል እያልን አይደለም፤ በፍጹም። ማንም ሰው ሌላ አማራጭ እያለው አሞጭ አይበላም፣ መብላትም የለበትም። ግን ክፉ ቀን ሲመጣ የሚቆፍር ሰው ይኖራል፤ የሚቆፍረው ደግሞ አያቱን ያልጠየቀ ወጣት ሊሆን ይችላል።

ተክሉን ማሳደግ ለሚፈልጉ፦ የዩኒቨርሲቲ እረፍት በክረምት መሆኑ ይመቸናል፤ አሞጭ ከመሬት በላይ የሚታየው ያኔ ነውና። በክረምት አይታችሁ ቦታውን በድንጋይ ምልክት አድርጉ እንጂ አትቆፍሩ፤ ስንቁን ገና እየሰበሰበ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከወደቀ በኋላ፣ ኅዳር አካባቢ፣ በጓንት ቆፍሩት፤ ጭማቂው እጅ ያሳክካል፣ በዚያ እጅ ዓይን ከተነካ የባሰ ነው። ከአንድ ቦታ ሁሉንም አታንሱ። ኮረቱን በጥላ አድርቃችሁ ግማሽ አሸዋና ጠጠር፣ ግማሽ ብስባሽ በሞላ ሥሩ በተበሳ ጀሪካን ውስጥ ቡቃያውን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ቅበሩት። ጀሪካኑ ከዛፍ ጥላ ሥር ይሁን። እስከ ግንቦት አታጠጡ፤ አብዛኛው ሰው ተክሉን የሚገድለው በዚህ ወቅት በማዘን ነው። ቡቃያው ሲታይ ውሃ ጀምሩ፣ ቅጠሉ ሲወድቅ አቁሙ። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠል ብቻ ቢሰጣችሁ ጤናማ ነው። ሕጻናትና ከብት የማይደርሱበት ቦታ መሆኑን አረጋግጡ። የትኛውንም ክፍል አትቅመሱ፤ የቀመሰ ሰው ካለ አፉን በውሃ አጥቦ በፍጥነት ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ስሙን በትክክል ለማወቅ የኢትዮጵያና ኤርትራ ፍሎራ 6ኛ ቅጽ የጎደሬን ቤተሰብ ይዟል፤ ደረቅ ናሙና ለማወዳደርም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። ናሙና ስታመጡ አበባውንና ቅጠሉን አንድ ላይ በጋዜጣ መካከል አድርቁ፤ ፎቶ ብቻውን አይበቃም።

አያቶችን ስትጠይቁ ደግሞ ቀስ በሉ። «በረሃብ ጊዜ ምን ትበሉ ነበር» ብሎ መጀመር ያሳፍራቸዋል፤ ቤተሰብ የተቀበረበት ዓመት ሊሆን ይችላል። ከተክሉ ጀምሩ፤ ቅጠሉን አሳይታችሁ ስሙን ጠይቁ፣ በኽምጣኛ ምን እንደሚባል፣ ማን እንዳሳያቸው፣ ማሰሮው ስንት ጊዜ እንደሚቀየር። ፈቃዳቸውን ሳታገኙ ድምፅ አትቅዱ። የቀበሌውን ስም፣ ወሩንና የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉ፤ «ብዙ መቀቀል» ካሉ «ከንጋት እስከ ዙህር» ወይም «ሦስት እሳት» ማለታቸው መሆኑን አጣሩ። የደረሳችሁን ሁሉ ከመስከረም ምዝገባ በኋላ ለትምህርት ዘርፉ አስረክቡ፤ በደብተር የተጻፈም ይሁን በስልክ የተቀዳ እንቀበላለን።